ከሳፋው በኋላ

«ሲስተር፣ እኛ ስንማር የስኳር ሕመምተኛ እግሩን አይዘፍዝፍ ተብለናል። እዚህ ግን ሳፋ ሞልታችሁ ትዘፈዝፋላችሁ። ማን ነው ትክክል?»

ይህን የጠየቀችኝ በቅርቡ ወደ እግር እንክብካቤ ክፍላችን የተመደበች ወጣት ነርስ ናት። ጥያቄዋ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙዎች ያዩትን ሳይጠይቁ ይደግማሉና። እሷ የጠየቀችኝ ስለ መዘፍዘፍ ነው፤ እኔ ግን ስለ ማድረቅ ሳወራት ዋልኩ።

የጠየቀችውን ባጭሩ ልመልስ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ የሚለያየው እግሩ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቡን የጎዳበት እግር አያልበውም። ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ ተረከዙ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን እግር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ፣ የጠጠረውን በቀስታ ፈግፍጎ፣ የጠጣው ውኃ ሳይተን ቫዝሊን መቀባት ነው ያለው መድኃኒት። በ1965 እ.ኤ.አ. ዘነበወርቅ ላይ እንደተቋቋመው እንደ አለርት ባሉ ማዕከላት ይህ የየዕለት ሥራ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግር ሌላ ነው። ሙቀት ስለማይሰማው ሳያውቀው ይቃጠላል፤ ውኃ ውስጥ የቆየ ቆዳም ይልምና ቶሎ ይቆስላል። ስለዚህ የውኃውን ሙቀት በክርን ለክቶ፣ ቶሎ አጥቦ ማውጣት። የዝሆኔ እግር ደግሞ እጥፋቱ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚሸሸግ በሳሙና ታጥቦ፣ ተለክቶ በቀጠነ በረኪና ይዘፈዘፋል። ልጅቷ ሳፋ ውስጥ ያየችው የዝሆኔ ሕመምተኞቹን እግር ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሳፋው ጉዳይ ነው። የኔ ጭቅጭቅ የሚጀምረው እግሩ ከሳፋው ሲወጣ ነው፤ ሦስቱም እግሮች የሚበላሹት አንድ ቦታ ላይ ነውና።

የትንሿን ጣትና የጎረቤቷን መሃል ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ከሁሉም የጠበበው ቦታ እሱ ነው። አየር አያገኝም፤ ላብም ውኃም ገብቶ ይተኛበታል። ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል፣ እንደራሰ ወረቀት ይላጣል፣ ከዚያ ከሥሩ ቀይ ስንጥቅ ብቅ ይላል። ባለቤቱ የሚያውቀው ማሳከኩንና ሽታውን ብቻ ነው። ፈንገሱ በእርጥበቱ ይራባል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ፈንገሱ በከፈተለት ስንጥቅ ይገባል። እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀልቶና አብጦ፣ ብርድ ብርድ እያለው የመጣ ሰው ካልሲውን ሲያወልቅ መጀመሪያ የማየው እብጠቱን አይደለም፣ የጣቶቹን መሃል ነው። ብዙ ጊዜ መግቢያውን እዚያ አገኘዋለሁ።

አብሮኝ ብዙ ዘመን የሠራ ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ ከነጨርቅሽ! ክሎትሪማዞል ስጫቸውና ይሂዱ» ይለኛል። ክሬሙን አልጠላም። ጠዋትና ማታ ከቀቡት፣ ማሳከኩ ከጠፋ በኋላም ለተባለው ጊዜ ያህል ከቀጠሉበት ያድናል። ነገር ግን እርጥብ ቆዳ ላይ የተለደፈ ክሬም ከሥሩ ያለውን ውኃ አፍኖ ይይዛል። ሰውየው ክሬሙን ጨርሶ ይመለሳል፤ ያው ጣት፣ ያው ስንጥቅ። ባልደረባዬ የተሻለ ክሬም ይፈልግለታል፤ እኔ ግን እግሩን ታጥቦ ሲያበቃ ምን እንደሚያደርግ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጫማውን ያደርጋል።

ፎጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወፍራም ነው፤ ጣት መሃል አይገባም፣ ቢገባም ስንጥቁን ያሰፋዋል። እኔ የምመርጠው ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የነጠላ ቁራጭ ነው። ሁለት ጣት ያህል ስፋት አድርጌ በቁመቱ እቀደዋለሁ። በግራ እጄ ጣቶቹን ለቀቅ አድርጌ ጨርቁን ከላይ አስገባለሁ፣ ሥሩ እስኪደርስ ጫን አድርጌ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ወዲያ ወዲህ መጎተት የለም፤ የራሰ ቆዳ በጉተታ ይቀደዳል። ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየዋለሁ። እርጥበት ካለ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣበታል፤ ደረቁን ጫፍ ይዤ እደግማለሁ። መስመሩ ቢጫ ከሆነ ወይም ደም ካለበት ሌላ ሥራ አለብኝ ማለት ነው። የዝሆኔ እግር ላይ ጣቶቹ አብጠው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ጨርቁን አክርሬ እንደ ክር አቀጥነዋለሁ፤ ትዕግሥት የሚፈትነው እሱ ነው። ጨርቅ ከሰው ወደ ሰው አይዞርም፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ አለው፤ ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ የአያቴን እግር አጥብ ነበር። አያቴ መርቀውኝ ሲያበቁ እግራቸውን ወደ ምድጃው ይዘረጉታል፤ እሳቱ ያደርቀዋል ብለን የሚያብስ አልነበረም። ጸሎተ ሐሙስ ላይም ሕጽበተ እግር ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ውኃው፣ ስለ ወይራውና ስለ ወይኑ ቅጠል ነው። ዮሐንስ ወንጌሉ ላይ ግን ጌታ በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እንደነበረ፣ በዚያም የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳበሰ ጽፏል። ይህን ለሕመምተኞቼ ሳነሣላቸው ብዙ እናቶች «እውነት ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው እግራቸው ደርቆ አገኘዋለሁ።

የደረቀ እግር እንደደረቀ እንዲውል ጫማም ማገዝ አለበት። ኮንጎ ጫማ ከቀይ አፈሩ ይጋርዳል፤ ለዝሆኔ ከባዶ እግር እጅግ ይሻላል፤ ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ሕመሙን ከደጋው ቀይ አፈር ጋር አገናኝቶ ካሳየን ወዲህ ይህ አያከራክርም። ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ላብ አያስወጣም። ስለዚህ የጥጥ ካልሲ፣ እሱም በየቀኑ የሚታጠብ። ቫዝሊን ለተረከዝና ለእግር ጀርባ ነው፤ ጣት መሃል ግን በፍጹም።

ስለ ጥፍር ብዙ አልልም። ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ጠርዙን ወደ ሥጋው አሾልኮ መቁረጥ፣ ፔዲኪዩር ቤት ለውበት ተብሎ የሚደረገው፣ ጥፍሩን ወደ ሥጋ ይከተዋል። የወፈረና ቢጫ የሆነ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ለወራት የሚዋጥ ኪኒን አይጀመር። የተጀመረለትም ሰው የእግር ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር እንደሚፈጅበት ከመጀመሪያው ይነገረው፤ ያለዚያ በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

ማድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ባልደረባዬ የሚያማርረውም ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው ለዚሁ ነው። ሕመምተኛው ሲታጠብ ውኃውን ያያል፤ ሲደርቅለት ግን ያወራል። ዝሆኔ ያለባቸው አንዲት እናት እግራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፍነው እንደተቀመጡ አልገልጥም ብለውኝ ነበር። አንዱን ጣት አድርቄ ወደ ሁለተኛው ስሻገር «አይጠየፉኝም?» አሉኝ። ቀና ብዬ «ምኑን እማማ?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ከበር ውጭ እንደሚቀመጡ፣ ለሴት ልጃቸው የመጣው ሽማግሌ የእናቲቱን እግር ሲሰማ እንደቀረ፣ ሕመሙ እንደማይተላለፍ ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ አጫወቱኝ። ሁሉንም የነገሩኝ አንዱ እግር ደርቆ ሳያልቅ ነው። ቁስል በማሰር ሌሎች ከእኔ ይበልጣሉ። በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ ያቆየኝ ግን ሰው የሸሸገውን እግር ጭኔ ላይ አድርጌ የማሳልፈው ያ ጊዜ ነው።

እኚህ እናት አሁን የራሳቸው ጨርቅ አላቸው፤ ትኩሳቱና እብጠቱ እንደ ድሮው አይመላለስባቸውም። የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ እንዳይመስል ልጨምር፤ በምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እጥበት፣ የቆዳ እንክብካቤ፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ይህን ድንገተኛ የትኩሳትና የእብጠት ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። በአገራችን ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ስለሚገመት ያ አንድ አምስተኛ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያናድደኝ የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ ነው። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ የዊትፊልድ ቅባት፣ ፋሻ የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ ማድረቂያ ጨርቅ የለም። ነርሶቹ ያረጀ ነጠላ ከየቤታችን እያመጣን ነው የምንሠራው። ዘንድሮም ከቅጹ ግርጌ በእጄ ጨምሬበታለሁ፤ ነጭ፣ ጥጥ፣ ስስ፣ በቁመቱ የሚቀደድ። ካልመጣ በሚቀጥለው ዓመትም እጽፈዋለሁ።