የናታራጃ ምስል፦ ትእምርትና ምልዓት

ትእምርትን «ይህ የዚያ ምልክት ነው» እያሉ መዘርዘር በሂስ ሥራ የተለመደ ነው። የዚህን ዘዴ ውሱንነት በጉልህ ከሚያሳዩት አንዱ ናታራጃ፣ ማለትም «የዳንስ ንጉሥ» የተባለው የሂንዱ አምላክ የሺቫ ምስል ነው።

ምስሉ በደቡብ ሕንድ በቾላ ነገሥታት ዘመን በነሐስ እየተቀረጸ ተስፋፍቷል። አናንዳ ኩማራስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1918 በታተመው «የሺቫ ዳንስ» በተሰኘው መጽሐፉ የአምላኩን አምስት ሥራዎች ከምስሉ ጋር አዛምዶ ተንትኗል። በተለመደው ፍች መሠረት ከበሮው መፍጠርን፣ «አትፍሩ» የሚለው እጅ መጠበቅን፣ እሳቱ ማጥፋትን፣ ድንቁርናን የረገጠው እግር መሰወርን፣ የተነሣው እግር ጸጋን ያመለክታሉ።

ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ እጅ ይቀረዋል። አራተኛው እጅ ከአምስቱ ሥራዎች የትኛውንም አልያዘም፤ የሚያደርገው ወደ ተነሣው እግር መጠቆም ነው። ተግባሩም ምልክትን ከምልክት ማገናኘት፣ የተመልካቹንም ዐይን መምራት ነው። እንዲሁም ከበሮውና እሳቱ በቀኝና በግራ ተመዛዝነው ስለተያዙ መፍጠርና ማጥፋት አይቀዳደሙም፤ ሁለቱንም አንድ የእሳት ቀለበት ይከባቸዋል። እግሮቹ ሲደንሱ ፊቱ የረጋ ነው።

እንግዲህ የምስሉ ምልዓት የሚገኘው በባሕርያቱ ድምር ሳይሆን በዝምድናቸው ነው። ስለዚህ ኀያሲ «ምን ይወክላል?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ከምን ጋር ቆሟል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።