«ታሪኬ» የተባለው ባዶ ገጽ፦ ሥነ ጽሑፍና የሞት ቅጣት

እጅግ የከፋ ወንጀል የፈጸመን ሰው በሞት መቅጣት ተገቢ ነውን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል።

ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1829 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው «ሞት የተፈረደበት ሰው የመጨረሻ ቀን» በተሰኘው ሥራው ተራኪው ራሱ ፍርደኛው ነው። ደም ማፍሰሱን ያምናል፤ ማንን፣ ለምን እንደገደለ ግን አይነግረንም። «ታሪኬ» የሚለው ምዕራፍ ርእሱ ብቻ ሰፍሮ፣ ገጾቹ እንዳልተገኙ የሚገልጽ የአሳታሚ ማስታወሻ ይከተለዋል። ሁጎ በ1832 በጨመረው መቅድም እንዳስረዳው፣ ዓላማው ለአንድ ወንጀለኛ ሳይሆን ለተከሳሾች ሁሉ ጥብቅና መቆም ነው። ስልቱ ይሠራል፤ ሕፃኗ ማሪ አባቷን ሳታውቀው ስትቀር አንባቢው ያዝናል። ነገር ግን ወንጀሉ ሲሰወር ሟቹም አብሮ ተሰውሯል። ለሟቹ ልጅ የምናዝንበት ገጽ የለም።

የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» መንገዱ ሌላ ነው። አቡነ ጴጥሮስን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ያስረሸነው ወራሪው ኃይል በመሆኑ፣ የጳጳሱ ንጹሕነት ለክርክር አይቀርብም። ተውኔቱ የሚያስኮንነው ግፈኛውን ዳኛ እንጂ ቅጣቱን ራሱን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ሥራዎች አስቸጋሪውን ሰው፣ ማለትም ወንጀሉ በዝርዝር የታወቀውን ጥፋተኛ፣ አልፈውታል።

ያ ሰው ግን በታሪካችን አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ2000 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ላይ ሞት ተፈረደ፤ በ2003 ዓ.ም. በእስር ላይ ለነበሩት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ልጁ ተገድሎበት አስከሬኑን እንኳ ያልቀበረ ወላጅ «ይሙት» ቢል ማን ይፈርድበታል? የዚህን ሰው ሐዘን ያላካተተ የምሕረት ስብከት ሚዛኑ የጎደለ ነው።

ሆኖም በእኔ እምነት የሞት ቅጣት ለዚህም ሰው መልስ አይሆነውም። ወላጁ ሊያውቅ የሚሻው ማን እንዳዘዘ፣ የት እንደተቀበረ ነው። ይህን የሚያውቀው ገዳዩ ነው፤ ሲሞት «ታሪኬ» የሚለው ገጽ ለዘለዓለም ባዶ ይቀራል። ሁጎ ለጥብቅና ሲል የተወው ባዶ ገጽ፣ ሳያስበው፣ ከክርክሮቹ ሁሉ የጠነከረውን ይዟል። ገጹን መሙላት፣ ማለትም ጥፋተኛውንና ሐዘንተኛውን በአንድ ታሪክ ውስጥ ፊት ለፊት ማቆም፣ ለደራሲዎቻችን የሚተርፍ ሥራ ነው።