«ጠበል ወይስ መድኃኒት?»፦ በተሳሳተ ጥያቄ ላይ የቆመ ክርክር

በኢትዮጵያ ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በአደባባይ ከተካሄዱት ክርክሮች መካከል «ጠበል ወይስ መድኃኒት?» የሚለው ሐኪሙን፣ ካህኑንና የሕግ ባለሙያውን በአንድነት ያነጋገረ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሲመረመር ብዙ ድምፅ የተሰማበትን ያህል ለታካሚው የሚጠቅም መልስ ያላስገኘ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም የጉድለቱ ምንጭ ከመልሶቹ ይልቅ ጥያቄው ራሱ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተት የታሪክ ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ለመግዛት አቅም ላልነበረው ሕሙም እንጦጦ ማርያምን ወደመሳሰሉ የጠበል ስፍራዎች መሄድ የቀረው ተስፋ እንጂ ከሁለት አማራጮች አንዱን መምረጥ አልነበረም። ስለሆነም ጠበልተኛውን ሁሉ «ሕክምናን የናቀ» አድርጎ መሳል ፍርደ ገምድልነት ነው። ሕክምናው ወደ እርሱ ዘግይቶ መጣ እንጂ እርሱ ከሕክምናው አልሸሸም።

ሁለተኛው ስሕተት የማስረጃ ነው። አንደኛው ወገን ተጠምቆ ተፈወሰ የተባለውን፣ ሌላው ወገን መድኃኒቱን ጥሎ የሞተውን ይጠቅሳል። የአንድ ሰው ታሪክ ግን ስሜትን ቢነካም ለሕዝብ ጤና መመሪያ አይሆንም። ቫይረሱ በደም ምርመራ አለመታየቱ ከሰውነት መጥፋቱን አያመለክትም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል፤ እየተቋረጠ ሲወሰድም ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለማመዳል። ይህ እውነታ በጠበል ስፍራም ሆነ በየትኛውም ቤተ እምነት የጸሎት መድረክ «ተፈውሰሃልና መድኃኒቱን ጣል» ለሚባል ሰው ሁሉ አንድ ነው።

ሕጉም ቢሆን አንዱን ወገን ብቻ የሚደግፍ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን የመግለጽ መብት ጤናን ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሆኖም ታካሚ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚውጠው ዕድሜውን ሙሉ ነው። ይህን ደግሞ ፖሊስ ሊያስፈጽመው አይችልም።

ከቤተ ክርስቲያን ወገን ግን ሚዛናዊ ድምፅ ተሰምቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ ገልጸዋል። ይህ ቃል ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን የታካሚውን የዕለት ችግር ለብቻው የሚፈታ አልነበረም። ጠበል የሚጠጣውና የሚጠመቀው እህል ውኃ ሳይቀመስ ነው። የዚያን ዘመን ዋነኛ መድኃኒቶች ደግሞ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋትና ማታ የሚወሰዱ ነበሩ። የጠዋቱ ክኒን የሚዋጥበትና ታካሚው ለጠበል የሚሰለፍበት ሰዓት አንድ ነበርና፣ የእምነት ግጭት መስሎ ከታየው ውስጥ ከፊሉ የሰዓት ግጭት ነበር። በመድረኩ ላይ ግን ስለ ሰዓት የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ቀዳሚ ምርጫ ያደረገው ዶልቴግራቪር ያለበት ሕክምና በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይወሰዳል። ሁኔታቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራርም አለ። ጠበልተኛው ክኒኑን ማታ ቢወስድ ጾሙን ሳይሽር ሕክምናውን ይቀጥላል። ይህ መፍትሔ ግን የሚገኘው ታካሚው ወደ ጠበል መሄዱን ሳይፈራ ሲናገር ብቻ ነው።

ክርክሩ ያደረሰው ከባዱ ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። በጤና ተቋም ዘለፋ፣ በጠበል ስፍራ ነቀፋ የሚጠብቀው ሰው ሁለቱንም ወገን መደበቅን ይማራል። ክኒኑን ከአጥማቂው፣ ጠበሉን ከነርሷ ይሰውራል። የጤና ባለሙያ ከዚህ ክርክር የሚወርሰው ቁም ነገር ካለ ጥያቄውን መለወጥ ነው፦ «ለስንት ቀን ነው የሚሄዱት? መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይወስዳሉ? የያዙት እስኪመለሱ ይበቃዎታል?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አሸናፊና ተሸናፊ የላቸውም፤ ታካሚውን ግን በሕይወት ያቆያሉ።