ስለ መበለቶቹ ማንጐራጐር

በጎንደር ደጋ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በወገራ አገር ሁሉ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ምእመናን በሰንበቴ ቤት ተሰብስበው ዳቦ ቈርሰው ጠላ ሲጠጡ፣ ካህናቱና ሊቃውንቱ ይህን ማዕድ በኢየሩሳሌም ከነበረው ከሐዋርያት ማዕድ ጋር ያመሳስሉታል። ምሳሌው የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ያ ማዕድ እንዴት እንደ ነበረ ለማወቅ ግብረ ሐዋርያትን እስከ 6ኛው ምዕራፍ ድረስ ሳያቋርጡ ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ቀደመችው ቤተ ክርስቲያን የሚሰብክም የሚጽፍም አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ምዕራፍ ደስ ብሎት ይቆማል። በዚያ ምእመናኑ ገንዘባቸውን አንድ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ችግሩ እያካፈሉ፣ በልብ ቅንነት አብረው ሲመገቡ ይታያሉና። ከዚህም አንሥቶ የዛሬውን ክርስቲያን «እንደዚያ ሁን» ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከመካከሉ ቈርጦ ስለሚያነብ ጐደሎ ነው።

ቅዱስ ሉቃስ ግን በዚያ አላቆመም። የአጻጻፉን ሥርዓት ያስተዋለ ሰው ነገሩን በተራ እንደ ደረደረው ያያል። በ4ኛው ምዕራፍ መጨረሻ የቆጵሮሱ ሰው በርናባስ እርሻውን ሸጦ ዋጋውን ለሐዋርያት ያስረክባል። ወዲያው በ5ኛው ሐናንያና ሰጲራ ከሸጡት መሬት ዋጋ ከፊሉን ደብቀው፣ ሁሉን የሰጡ መስለው ይቀርባሉ። በ6ኛው ደግሞ የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት ክርስቲያኖች፣ በየቀኑ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ፣ በዕብራውያኑ ላይ ያንጐራጕራሉ። ወገኑን ለማስመስገን ብቻ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ይህን ሁሉ በሸሸገ ነበር። ሉቃስ ግን የማኅበሩን ውበት በጻፈበት ብዕር ነውሩንም ጻፈ፤ ስለዚህም ምስክርነቱ ይበልጥ የታመነ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር የምዕራፉ ዋና ቁም ነገር ነው። ሐዋርያት የሚያንጐራጕረውን ወገን «ዝም በል» አላሉትም፤ የሰላም ጠላት ነው ብለውም አልፈረዱበትም። ሕዝቡን ሁሉ ሰብስበው፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አዘዙት። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ናቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። በዚያ ዘመን በገሊላም ሆነ በይሁዳ የተወለደ ሰው የግሪክ ስም ይይዝ ነበርና ስም ብቻውን ፍጹም ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሰባቱም በአንድ ዓይነት ስም መጠራታቸውና አንዱም ከአሕዛብ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ መሆኑ፣ የማዕዱ አገልግሎት ለተበደለው ወገን ሰዎች እንደ ተሰጠ ያመለክታል። ተረስተን ቀረን ያሉት ሰዎች ከእንግዲህ ወዲህ አዳዮች ሆኑ ማለት ነው።

ሉቃስ ይህን ጽፎ ወዲያው የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሰፋ፣ ከካህናቱም ብዙዎች እንዳመኑ ይናገራል። ይህ አቀማመጥ ያለ ምክንያት አይደለም። የስብከቱ መስፋት የተነገረው አቤቱታው ከተሰማ በኋላ ነውና። የኢትዮጵያም አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። በ8ኛው ምዕራፍ የህንደኬን ባለሟል በሠረገላው አግኝቶ ያስተማረውና ያጠመቀው ፊልጶስ ከእነዚህ ከሰባቱ አንዱ ነው። ለኢትዮጵያዊው ወንጌልን ያደረሰ ሰው አስቀድሞ ለመበለቶች ምግብ ሊያድል የተሾመ ሰው ነበር።

በመጽሐፉ ላይ አንድ ነገር ሊነቀፍ ቢቻል፣ ከእነዚያ መበለቶች አንዲቱን እንኳ በስሟ አለመጥራቱ ነው። ስለ እነርሱ ሌሎች ሲናገሩ ይሰማል እንጂ የራሳቸው ቃል አይሰማም። የሰባቱ ስም ሲታወስ የእነርሱ ስም ቀረ።

ከሐዋርያት በኋላ የመጡት ይህን ሥራ አልተዉም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ150 ዓ.ም. ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እንደ ጻፈው፣ በእሑድ ጉባኤ የተዋጣው ገንዘብ በአለቃው እጅ ተቀምጦ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል ነበር። በ251 ዓ.ም. ደግሞ የሮሜው ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ቤተ ክርስቲያኑ ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችንና ችግረኞችን እንደምትመግብ በደብዳቤ ገልጾአል። ማኅበሩ ቢበዛ ድሀው ተቈጥሮ ይታወቅ ነበር እንጂ በብዛት ውስጥ አይጠፋም ነበር።

ይህ ንባብ ለወገራ ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቤቱንና አዝመራውን ጥሎ ተሰድዶአል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት ወረዳ በዓለምዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተቋቁሞአል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ያልፋልና፣ ቤት የሌለው ሰውና ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደሉም። በሰንበቴ ግን ማዕዱ በየተራ የሚቀርበው በአባላቱ ነው። አባል ያልሆነ ተራ የለውም፤ ተራም የሌለው ሰው ቢረሳ «ተረሳሁ» ብሎ የሚናገርበት ወንበር የለውም። ቍራሽ ዳቦ ከደጅ ይሰጠው ይሆናል፤ ይህም ምጽዋት ነው፤ ኢየሩሳሌም ያደረገችው ግን ከዚህ ይበልጣል።

እንግዲህ ዛሬ ያለ ሰንበቴ የሐዋርያትን ማዕድ መምሰሉ የሚመረመረው በዳቦው ብዛት ወይም ማንም ባለማንጐራጐሩ አይደለም። ዝምታ የጥጋብ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ የሚሰማ በማጣትም ዝም ይባላልና። የማኅበሩ ሙሴ ተነሥቶ «በዚህ ሳምንት ማን ተረሳ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱንም ከተረሳው ሰው አፍ ቢሰማ፣ ለማደሉም ሥራ ያንኑ ሰው ቢጨምር፣ ያን ጊዜ 6ኛው ምዕራፍ በእውነት ተነበበ ይባላል።