«ሰብአዊ መብት»፦ አንድ ቅጽል ለሁለት ፅንሰ ሐሳብ

«ሰብአዊ መብት» በሕግና በጋዜጣ አማርኛ ሥር ከሰደዱት ስያሜዎች አንዱ ነው። ሥር የሰደደ ቃል ደግሞ መርማሪ ያጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ስለ ሰው ልጅ መብቶች የወጣውን መግለጫ ሲያጸድቅ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለነበረች፣ ፅንሰ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። ሊያነጋግረን የሚገባው ስሙ ነው።

ስለ አጻጻፉ ብዙ ማለት አያሻም። ቃሉ የወጣው ሰው፣ ሰዎች ከሚለው ከግእዙ «ሰብእ» ስለሆነ በአልፉ «አ» ይጻፋል። በዐይኑ «ሰብዓዊ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በግእዝ ሥርዐት ከተሄደ፣ ዝምድናው ከሰባ ቍጥር ጋር ይሆናል። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ካዋሐደ ብዙ ዘመን ስለሆነው አንባቢ አይሳሳትም፤ ከፊደል ለቃሚ በቀር የሚከፋ የለም። ይህ ጸሐፊ ከለቃሚዎቹ ወገን መሆኑን አይሰውርም።

ዋናው ችግር ቅጽሉ ነው። «ሰብአዊ መብት» እንላለን፤ «ሰብአዊ ዕርዳታ»ም እንላለን። በመጀመሪያው ሐረግ ቅጽሉ «ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባው» ማለት ሲሆን፣ በሁለተኛው «በርኅራኄ የሚደረግ» ማለት ነው። ባለመብት ይጠይቃል፤ ዕርዳታ ተቀባይ ያመሰግናል። አንድ ቅጽል ሁለቱንም ሲያገለግል የመጀመሪያው በሁለተኛው ቀለም መነከሩ አይቀርም። «ለእስረኛው በሰብአዊነት ምግብ ተሰጠው» ቢባል፣ ግዴታ የነበረው ነገር ቸርነት ሆኖ ተነገረ ማለት ነው። በሕግ ትምህርት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ1941 ዓ.ም. የተደረሰባቸው አራቱ የጄኔቭ ስምምነቶች የሚገኙበት ዘርፍ «ሰብአዊ ሕግ»፣ ሌላው «የሰብአዊ መብት ሕግ» ይባላል። ያኛው በተለይ ጦርነትን የሚገዛ ነው፤ ይኸኛው በሰላም ጊዜም ይሠራል። ተማሪው ግን ልዩነቱን ከስማቸው ሊገነዘብ አይችልም፤ አንደኛው የሌላው ምኅጻር ይመስለዋል።

ዐረብኛ «ሑቁቅ አል ኢንሳን» ብሎ ስምን ከስም ስለሚያዛርፍ ቅጽሉን ለርኅራኄው ትቶታል። ኦሮምኛ በአንጻሩ ለመብቱም ለዕርዳታውም «ነሞማ» ስለሚል ከእኛው ችግር አላመለጠም።

«መብት»ስ? አባቱ የግእዙ «መባሕት» ነው፤ ፈቀደ፣ ሥልጣን ሰጠ ከሚለው «አብሐ» ይወጣል። እንግዲህ በቃሉ ሥር ፈቃጅ ተቀምጧል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝቡን መብት ከንጉሠ ነገሥቱ ዕውቅና ጋር አያይዞ ስለሚያቀርብ፣ ቃሉ እዚያ ቤተኛ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ግን የመብቱን ምንጭ የሰው ተፈጥሮ አድርጎታል። ሥሩ «ተፈቀደ» ሲል ሕጉ «ፈቃጅ የለውም» ይላል።

ሆኖም ሥርወ ቃል ፍቺ አይደለም። ቃሉን የሚያጅቡትን ግሶች እንይ። መብት ይገፈፋል፣ እንደ ልብስ፤ ይጣሳል፣ እንደ አጥር፤ ይረገጣል። የሚገፈፍ ነገር አስቀድሞ የተለበሰ ነው። ተናጋሪው ሕዝብ ቃሉን ከሰጪው እጅ አውጥቶ ለባለቤቱ ካስረከበው ቆይቷል። ወደ ኋላ የሚጎትተው «መብት ሰጠ» የሚለው የዜና አነጋገር ነው፤ አክብሮ ከሆነ «አከበረ»፣ በሕግ አጽንቶ ከሆነ «አረጋገጠ» ቢባል ምን ይጎድላል?

በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 210 የተቋቋመው ኮሚሽን ስሙን ይለውጥ አንልም፤ የጸና ስም ይጽና። በአዲስ የሕግ ትርጕምና በመማሪያ መጻሕፍት ግን «የሰው ልጅ መብት» ቢባል ይሻላል። ይረዝማል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ «የሰው ልጅ መብት ጥሰት ምርመራ ክፍል» ምላስ ያደክማል። ድካሙን ከመደናገሩ እመርጣለሁ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ሰብአዊ»ን በአንድ ፍቺ ከማለፍ፣ «1. ሰው በመሆን የሚገኝ፤ 2. በርኅራኄ የሚደረግ» ብለው በቍጥር ይለዩት፤ ለእያንዳንዱም የአገባብ ምሳሌ ይስጡ።