«ጥቁር ጭልፊት» ወይስ ጭላት? ስለ አንድ የአሞራ ቆጠራ ቅጽ ስያሜዎች

የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ወደ አገራችን የሚመጡ አሞሮች ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ወደ መጡበት ሲመለሱ፣ በፈቃዳቸው ለሚቆጥሯቸው ወጣቶች የተዘጋጀ አንድ ቅጽ በቅርቡ እጄ ገብቶ ነበር። ቅጹ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። አዘጋጆቹ ሥራውን በአማርኛ ለማስኬድ መነሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። የመረጧቸው ስያሜዎች ግን ቆጠራውን ራሱን የሚያሰናክሉ ሆነው ስላገኘኋቸው ይህን ሐተታ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

በአንድ የየካቲት ረፋድ፣ መካኒሳ ውስጥ ከአንድ ፎቅ ሰገነት ላይ ሆኜ ቅጹ ሲሠራበት ተመልክቻለሁ። (የሰፈሩ ስም ከኦሮምኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙም ብሳና ነው፤ ስም አውጪዎቹ ዛፍን ከዛፍ ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው።) ከቄራ አቅጣጫ ጅራተ መንታ አሞራ እየዞረ መጣ። ቆጣሪው ወጣት ሳያመነታ «ጭላት!» አለ። ቅጹን ቢያገላብጥ ጭላት የሚባል የለም። «ጥቁር ጭልፊት» የሚል አለ፤ እሱ ያየው ወፍ ግን ቡናማ ነው፣ ጭልፊት ብሎም አያውቀውም። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ዓምድ አስገባው።

ስሕተቱ የወጣቱ አይደለም። ጭልፊት የሚለው ቃል ሰፋ ባለ ፍች እንደሚነገርና ከጭላት ጋር የሚቀላቀልበትም ስፍራ እንዳለ አልክድም። ይሁን እንጂ በቆጠራ አንድ ስም ለአንድ ወፍ መቆም ስላለበት፣ ጅራተ መንታውን ጭላት፣ ክንፈ ሹሉን ጭልፊት ብሎ መወሰን ይሻላል እላለሁ። «ጥቁር» የተባለው ቅጽል ደግሞ ከባዕዱ ስም እንዳለ ተነሥቶ የተለጠፈ ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ሁለት ዓይነት ጭላት ይታያል፤ አንደኛው የአፍሪካው፣ ሁለተኛው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው መንገደኛ ነው። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ የሚለያቸው መንቁራቸው ነው፤ ያገሩ ቢጫ፣ የእንግዳው ጥቁር። የሚቆጠሩት መንገደኞቹ ከሆኑ፣ ጥቁረቱ መጠራት ያለበት በመንቁሩ ነው፦ «ጥቁር መንቁር ጭላት»፣ «ቢጫ መንቁር ጭላት»። ያገሩም ለጋ ወፍ መንቁሩ ጠቆር ስለሚል ያሳስታል፤ ይህም በማስታወሻ ሊገለጽ ይገባ ነበር።

ከዚህ የባሰው የ«ንስር» ጉዳይ ነው። ተርጓሚው ትልቅ ክንፍ ያለውን ሁሉ ንስር ብሎታል፤ ጥንብ አንሳውን ሳይቀር «የግብፅ ንስር» ሲል ሰይሞታል። እርግጥ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ የሚወላውል ነው። የዐረብኛው ነስር ዛሬም ጥንብ አንሳ ማለት ሲሆን፣ የዕብራይስጡም ነሼር በትንቢተ ሚክያስ ምዕራፍ 1 ቍጥር 16 በመላጣነት መነሣቱ ጥንብ አንሳን ያስጠረጥራል። ንስር ራሰ መላጣ አይደለምና። አማርኛ ግን ጉዳዩን ለብቻው ፈጽሞታል፦ አድኖ የሚበላው ንስር፣ ጥንብ የሚያነሣው ጥንብ አንሳ ነው። የተለየውን መልሶ ማደባለቅ ምን ይሉታል?

ጉዳቱ በቃላት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላነሣሁት። የግብፅ ጥንብ አንሳ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ቅጹ «የስቴፕ ንስር» የሚለው ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዝግበዋል። ይኸው ንስር በሚመለስበት መንገድ፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤላት፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ወደ 75,000 የሚጠጋ ተቆጥሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ አሽቆልቁሏል። ማሽቆልቆሉ ሊታወቅ የቻለው ቆጣሪዎቹ ሁሉ በአንድ ስም አንድን ወፍ ስለ ጻፉ ነው። በእኛው ቅጽ ሁለቱ «ንስር» ተብለው ቢደመሩ የአንዱ መጉደል በሌላው ይሸፈናል።

«ስቴፕ» የሚለውም ቃል ለመካኒሳ ልጅ የሚነግረው ነገር የለም። የዚህ ንስር የአፉ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይዘልቃልና «አፈ ሰፊ ንስር» ቢባል ስሙ ራሱ መለያ ይሆነዋል። «ተርማል» ተብሎ በፊደላችን የተጻፈውም «ሽቅብ ወጪ ሙቅ አየር» መባል ይችል ነበር። በርእሱ ላይ ያለው «አዳኝ አእዋፍ» ጥንብ አንሳን ስለማይመለከት፣ ሕዝቡ እንደሚለው «አሞራ» ቢባል ይበቃል። የቃሉ ስፋት በርእስ ላይ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በዓምዶቹ ውስጥ ነው።

ቅጹ ሥራውን «የፀደይ ፍልሰት ቆጠራ» ይለዋል። ፍልሰት ከቦታ ነቅሎ መሄድን እንጂ መመላለስን ባያመለክትም ሥር ሰዷልና እንለፈው። ፀደይ ግን በባሕረ ሐሳባችን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ ከከተሜው ብዙው ደግሞ የመስከረምን አበባ ያስብበታል። አፈ ሰፊው ንስር ኤላት ላይ በብዛት የሚያልፈው በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ፣ ማለትም ገና በበጋ ነው። የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ ቆጣሪ ፀደይን ጠብቆ ቢወጣ ንስሮቹ አልፈው ይጠብቁታል፤ የማያውቀው ደግሞ መስከረም ላይ ይወጣል። ወሮቹን በስማቸው መጻፍ ማንን ይጎዳል?

የዚያን ዕለት ቆጠራ ሲዘጋ ከቅጹ ዓምዶች ሁሉ የበለጠ የሞላው «ልዩ ልዩ» የሚለው ነበር። ወጣቱ ከጎኑ በእርሳስ «ጭላት» ብሎ ጽፎበታል።