ሻለቃው ማን ነበሩ?

የቅድመ አያታቸውን ታሪክ እንድፈልግላቸው የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት ስም ብቻ ነው። «ሻለቃ እገሌ ይባላሉ፤ አድዋ ዘምተዋል፤ ከምኒልክ ጋር ከእንጦጦ ወርደው ዶሮ ማነቂያ ሰፈሩ።» ስሙን ማስታወሻዬ ላይ አሰፍርና መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ጌታቸው ማን ነበር? የሰፈሩትስ በማን መሬት ላይ ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዋ የጦር ሰፈር መልክ ነበራት። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ያዙ፤ ጭፍራው ደግሞ በየጌታው ዙሪያ መጀመሪያ ድንኳን፣ ኋላም ጎጆ ተከለ። የራስ መኮንን፣ የደጃች ውቤና የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም እስከ ዛሬ በድልድይና በሰፈር ስም የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጌታው ከታወቀ ወታደሩ የት የት እንደዘመተ መገመት ይቻላል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ የከተማ ቦታን መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ የሚቻልበትን ሕግ ካወጡ ወዲህ ደግሞ ተራው ወታደር ሳይቀር ወረቀት ላይ ብቅ ይላል፤ ሻጭ ሆኖ፣ ገዢ ሆኖ፣ አንዳንዴም ምስክር ሆኖ።

ስም ያሳስታል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ ሰው ግን ብዙ ስም አለው። ሰፈሩ በዓለም ስሙ ይጠራዋል፤ ቄሱ ሲፈታው በክርስትና ስሙ ነው፤ የጦር ጓደኞቹ የሚያውቁት ምናልባት በፈረስ ስሙ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስን ያለ «አባ መቻል»፣ ባልቻን ያለ «አባ ነፍሶ» የማያውቅ ሽማግሌ ሞልቷል። ታላላቆቹ እንዲህ ከሆኑ፣ ማንም ያልጻፈለት ሃምሳ አለቃ በሦስት ስሙ ሦስት ሰው ሆኖ ቢቀር ምን ይገርማል?

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የዘመተ አያቱን የሚፈልግ ሰው ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የዘማቾችን የጡረታ ማመልከቻ ያገኛል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ጋብቻቸውን ለማስረዳት የልደትና የጋብቻ ቀን የተጻፈበትን ገጽ ከቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ገንጥለው ከማመልከቻው ጋር ልከዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተገኘ የሚገኘው በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ነው። ዳዊቱ ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ጭፍጨፋ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ አዛውንት እሄዳለሁ። «እማማ፣ አያትዎ መቼ ነው የሞቱት?» ማለት ዋጋ የለውም፤ መልሱ «ኧረ ድሮ ነው ልጄ» ነው። «ተዝካራቸው የት ተደገሰ? የነፍስ አባታቸው የየትኛው ደብር ነበሩ? የማን ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ?» ስል ግን ወሬው ይፈታል። የነፍስ አባቱ ደብር ሲታወቅ የክርስትና ስሙ ይከተላል፤ አራዳ ጊዮርጊስ ይሁን ሌላ፣ ከዚያ በኋላ የምጠይቀውን አውቃለሁ። ዘመኑም በቁጥር አይመጣም። ክፉ ቀን፣ አድዋ፣ ሰገሌ፣ የኅዳር በሽታ እያሉ ነው የሚቆጥሩት፤ እኔም ይህን ቆጠራ ከብዙ ወረቀት አስበልጬ አምነዋለሁ።

አስበልጬ ማመኔ ግን እንዲሁ ማለፍ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ሻለቃቸው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ እንደሞቱ አጥብቀው ነገሩኝ። ከሣጥናቸው የወጣው የቦታ ሽያጭ ውል ደግሞ ሻለቃውን በሕይወት ያሳያል። የውሉ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ጥግ ተቀዶ ሄዷል፤ የተረፈው «ጥር፣ በዘመነ ሉቃስ» የሚለውና የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ስም ነው። ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነገሡ። በዚያ መካከል የሉቃስ ዘመን የሚውለው በ1911፣ በ1915ና በ1919 ነው። የትኛውም ጥር ቢሆን ከኅዳር በሽታ በኋላ ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ ቦታ አይሸጥም። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ነገሩ ተገለጠ፦ በኅዳር በሽታ ያለፉት የሚስታቸው አባት ናቸው። ልጆቹ ሁለቱንም «አባባ ሻለቃ» ይሉ ስለነበር ሁለት ሽማግሌ በሦስተኛው ትውልድ አንድ ሰው ሆኑ።

ሌላው የሚያሳስተው ኩራት ነው። ሁሉም አያቱን ከመንዝ ወይም ከቡልጋ ያመጣል። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ የጨቦ ሰው ነበሩ፤ የጦር ሚኒስትር ሆነውም ሞቱ። ባልቻም በልጅነታቸው የተማረኩ ናቸው። የምኒልክ ጦር ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው፤ ክርስትና ያነሳው ጌታ ትውልድ የደም ትውልድ ሆኖ የተቆጠረበት ቤትም ጥቂት አይደለም። ይህን ስናገር ደስ የማይለው ደንበኛ አለኝ፤ አላባብለውም።

የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የሻለቃው የልጅ ልጅ በአያቱ ግቢ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ ቀረ። ለእኔ ሥራ አዋጁ ሳይታሰብ ጠቀመ፤ በቀበሌው ፋይል የቀድሞው ባለቤት ስም አልፎ አልፎ ይገኛልና። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ግን ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ፤ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ቤቱ መፍረሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። «የእገሌ ግቢ ከእገሊት ግቢ ቀጥሎ ነው» ብለው የሚመሰክሩ ጎረቤቶች አብረው አለመኖራቸው ነው የከበደኝ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰው ነበር።

ከዚያ ሰፈር የተነሳችሁ፣ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የወረቀቱን ፊትም ጀርባም ፎቶ አንሱ፤ ማኅተሙንና የተቀደደውን ጥግ አትተዉ። አረጋዊ በቤታችሁ ካሉ የአያታቸውን የክርስትና ስም፣ የጌታቸውን ስምና የተቀበሩበትን ደብር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። የጎረቤት ስምም ጨምሩ፤ በግራና በቀኝ ማን እንደነበር።